ሞት የሌለበት ጥሩምባ

የሰደበኝ ሥዩም ነው። ቀኑ የ2012 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ቅዳሜ ነው። ቦታው የእድራችን ድንኳን ውስጥ። ሰው በልቶ ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጠላው መዞር ሲጀምር ነው የሰደበኝ። ማን በየት በኩል እንደተቀመጠ፣ ማን ቀድሞ እንደሳቀ፣ ማን ሳቁን በነጠላ እንደሸፈነ ዛሬም ብጠየቅ አንድ በአንድ እናገራለሁ።

እኔ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ገና ሲነጋ እወጣና በየመንገዱ መገናኛ እየቆምኩ ነፍቼ የሟቹን ስም እጠራለሁ። ከእኔ በፊት አባቴ ነበር የሚነፋው፤ ጥሩምባውም የእሱ ነው። አንገቱ ጋ ተሰንጥቆ በብየዳ ስለተያዘ ድምፁ እየሸሸ አስቸገረኝ። እድሩ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ጠቅላላ ስብሰባ ስለሚያደርግ እጄን አውጥቼ ተነሳሁና፣ «ይኼ ጥሩምባ አርጅቷል። ከወንዝ ወዲያ ያለው ሰው አልሰማሁም እያለ ከቀብር ይቀራል። ቢቻል እድሩ...» ስል ሥዩም አቋረጠኝ። ሥዩም የእድሩ ዳኛ ነው። ማይኩም በእሱ እጅ ነው።

«ገብሬ፣ ያቺን ከንፈርህን ለጥሩምባው ቆጥባት» አለኝ። «ለንግግር የተሠራች አይደለችም።»

ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ሽታዬ ናት፤ ባሏ በሞተ ጊዜ ዝናብ እየወረደብኝ ሰፈር ለሰፈር ዞሬ የለፈፍኩላት ሽታዬ። ተቀመጥኩ። ስሜ ገብረአማኑኤል ነው፤ ገብሬ ሲሉኝ ባልወድም ዝም እላለሁ። ሥዩም ባዳ ቢሆን አንድ ነገር ነው። እሱ ግን አበልጄ ነው፤ ልጄን ሀናን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው።

ሚስቴ ብርቅነሽ፣ «ሌላው ሰው በሬ ያደልባል፣ አንተ ስድብ ታደልባለህ» ትለኛለች። ልክ ናት። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር፣ «ለአንተ ደብተር ከሚገዛ ለበግ አሞሌ ቢገዛ ይሻላል» ያለኝን አልረሳሁም፤ ትምህርቱንም የተውኩት በዚያው ነው። የብርቅነሽ ወንድም ኢዮሲያስ በሠርጉ ቀን ከእንግዶቹ ለይቶ ከወጥ ቤት ሰዎች ጋር ያስቀመጠኝንም አልረሳሁም። እነሱ ረስተውት ይሆናል፤ እኔ ምን አግብቶኝ ልርሳላቸው።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሥዩም ቤት አልገባሁም። ለቅሶ ካላገናኘን አንተያይም ነበር። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት አለፈ።

ከተማችን ከጊንጪ ወደ አምቦ ሲመጣ መንገድ ዳር ያለች ናት፤ ስሟን አልጠራም፣ የሚያውቃት ያውቃታል። የእኛ ሰፈር ላይኛው ሰፈር ይባላል፤ ከወንዟ ተነስቶ እስከ ኦቦ ኩምሳ ባሕር ዛፍ ይደርሳል። ቤቴ ያረፈበትን ቦታ አባቴ ከኦቦ ኩምሳ አባት በሽማግሌ ፊት ነው የገዛው። ያኔ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቃል ነው የነበረው። ሽማግሌዎቹ አልቀዋል፤ ቃሉን የሚያውቅ ኦቦ ኩምሳ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ ቤቱ ካርታ የለውም። ካርታ የሌለው ቤት ሲያፈስስ እንኳ ቆርቆሮ ለመቀየር በሌባ ዐይን ነው የሚወጣበት፤ ደንብ አስከባሪ ካየ ያስወርዳል። እኔ በዚህ ዓለም የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ያ ቤት በስሜ ካርታ ወጥቶለት፣ እኔና ብርቅነሽ ማንንም ሳንፈራ እንድንኖርበት።

በ2014 የክልሉ ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አውጥቷል ተባለ። አዋጅ አላነብም፤ ሲነገር የሰማሁትን ነው የምጽፈው። ከተሞች በራሳቸው ሥልጣን «ልዩ የመኖሪያ መንደር» የሚባል መከለል ይችላሉ። በተከለለው ውስጥ የቦታው ስፋት፣ የቤቱ ዓይነት፣ የግንባታው ፈቃድ ሁሉ በመንደሩ ደንብ ይሄዳል፤ ዞን ድረስ መመላለስ የለም። ካርታ ያልነበረው ነባር ነዋሪ ካርታ ይሰጠዋል። የቀረው ቦታ ቤት ለሌላቸው ማኅበራት ይከፋፈላል። ታዲያ አንድ ነገር አለው። ከመከለሉ በፊት በውስጡ የሚኖረው ሰው ተጠርቶ፣ ተሰብስቦ፣ አብዛኛው እሺ ማለት አለበት።

ከተማው የእኛን ሰፈር መረጠ። ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው ሁለት ጊዜ ስብሰባ ጠሩ። ሰው ስብሰባ አንገሽግሾታል። ሁለቱንም ጊዜ የወጡት ጡረተኞችና የታሸገ ውሃ ይታደላል ብለው የሄዱ ሰዎች ናቸው። ውሃውን ጠጥተው ተበተኑ።

በየካቲት ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥዩም ስኳር ይዞ ቤቴ መጣ።

«አበልጆቼ፣ አላችሁ?» ብሎ ገባ። ብርቅነሽ ወንበሩን በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠችው።

«ጠፋህ እኮ» አለኝ። «ተቀይሞሃል አሉኝ።»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ። እንዴ፣ ለጨዋታ የተናገርኩትን? እኔና አንተ በዚህ እንኳረፍ?»

ይቅርታ አላለም። ግን ቤቴ ድረስ መጥቷል፤ ስኳር ይዟል፤ በዝቅተኛው ወንበር ተቀምጧል። እኔ ያንን እንደ ይቅርታ ቆጠርኩት።

«ስማኝማ አበልጄ» አለ ጉልበቴን መታ እያደረገ። «ካርታ ያስፈልግሃል ወይስ አያስፈልግህም?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሦስተኛው ስብሰባ ከከሸፈ መንደሩ ለታችኛው ሰፈር ይሰጣል። እነሱ አሰፍስፈው ነው ያሉት። ያኔ አንተም እኔም ቁጭ ብለን የሰው ካርታ እናያለን። ይኼን ሰው ከቤቱ ማውጣት የሚችል በላይኛው ሰፈር አንድ ሰው ነው ያለው።»

«ማነው እሱ?»

«አንተ ነሃ። የመንግሥት ባጃጅ ሲጮህ ማንም በሩን አልከፈተም። አንተ ስትነፋ ግን የታመመውም ይነሳል።»

እውነቱን ነው። በእድራችን ጥሩምባ ተነፍቶ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የለም። ሠርግ ያለበት ሠርጉን፣ ገበያ የወጣ ገበያውን ጥሎ ይመጣል። የቀረ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ ይልቅ ግን ሐሜቱን ነው ሰው የሚፈራው። ይኼን ከሥዩም አፍ ስሰማ ደስ አለኝ። ለሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቃል መሰለኝ።

«ጥሩምባው ግን የሚነፋው ለሞት ነው» አልኩት።

«ለሞት ብቻ ያለው ማነው? የተጻፈ ነገር አለ?»

«አባቴ...»

«አባትህ ካርታ ትቶልሃል?»

ብርቅነሽ ቆማ ትሰማ ነበር። «አበልጄ፣ ሰው ሳይሞት ጥሩምባ ተነፋ ቢባል ሰዉ ምን ይላል?» አለችው።

«ብርቄ፣ ካርታው ሲመጣ ምን እንደሚል ትሰሚዋለሽ» አላት እየሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «የአንተ ጉዳይ የእኔ ጉዳይ ነው። ከመንደሩ የመጀመሪያው ካርታ በገብረአማኑኤል ስም ካልወጣ እኔን ሥዩም አትበለኝ» አለ። ገብረአማኑኤል ብሎ ነው የጠራኝ፤ ሙሉውን።

«ስም ግን አልጠራም» አልኩ። «ያልሞተ ሰው ስም ከአፌ አይወጣም።»

«አትጥራ። ንፋ ብቻ።»

ሐሙስ ጠዋት ነፋሁ። መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ። በር እየተከፈተ፣ «ማነው? ማነው የሞተው?» ይሉኛል። ዝም ብዬ እነፋለሁ። ኦቦ ኩምሳ ጤፍ እያበራየ ነበር፤ በሬዎቹን አውድማው ላይ ጥሎ እስከ አጥሩ መጣ።

«ኤኙቱ ዱኤ፣ ገብሬ? ማን ሞተ?»

«ድንኳኑ ጋ ይነገራል» አልኩት። እሱም ዱላውን አነሳ።

ሰዉ እንዳለ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀዋል። ሽታዬ ከሩቅ ጀምራ፣ «እኔን፣ እኔን» እያለች ደረቷን ትደቃለች፤ ማንን እንደምታለቅስ ግን አታውቅም። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ወንበሩ ተደርድሯል፤ አስከሬን የለም። ሥዩም ከፊት ቆሟል። አጠገቡ ከከተማው መሬት ክፍል የመጣችው መቲ የምትባል ልጅና ሌሎች ሁለት ሰዎች አሉ።

«ወገኖቼ፣ ማንም አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል ድንኳኑ ተንጫጫ።

«ታዲያ እንባዬን ማን ይመልስልኛል?» አለች ሽታዬ። ተሳቀ። አንዱ ከኋላ፣ «ለሚቀጥለው ይያዝልሽ» አላት። ደግሞ ተሳቀ። ሳቁ ቁጣውን አበረደው። ከመጡ አይቀር ብለው ተቀመጡ።

ሥዩም ስለ መንደሩ ተናገረ። መብራት ይገባል፣ ውሃ ይገባል፣ መንገድ ይወጣል፣ ካርታ የሌለው ካርታ ያገኛል አለ። ኦቦ ኩምሳ ተነስቶ፣ «የእኔ የጤፍ መሬት የት ይገባል?» ብሎ ጠየቀ።

«ዝርዝሩ ሌላ ቀን ይታያል ኦቦ ኩምሳ። ዛሬ ስለ ሐሳቡ ብቻ ነው» አለው።

በእድራችን አንድ ወግ አለ። ማናቸውም ነገር ሲያበቃ ዳኛው፣ «እንነሳ» ይላል፤ ሁሉም ይነሳል፤ አባታችን ሆይ ተብሎ ይበተናል። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ይነሳል፤ በየራሱ ይጸልያል፣ ግን ይነሳል። ጸሎት ላይ የሚቀመጥ ሰው በአገራችን የለም። ሥዩምም ኮፍያውን እያወለቀ፣ «እንግዲህ በመንደሩ ነገር የማይስማማ ካለ እዚያው እንደተቀመጠ ይቆይ። ሌሎቻችን እንነሳና አባታችን ሆይ ብለን እንለያይ» አለ። የመጀመሪያዋን ዝቅ አድርጎ፣ የኋለኛዋን በማይኩ ጮክ አድርጎ ነው ያላት።

ሰዉ በሙሉ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። ኦቦ ኩምሳም ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዱላውን ተደግፎ ተነሳ። መቲ በስልኳ ፎቶ አነሳች።

«ተስማሙ ማለት ነው?» ስትለው ሰምቻለሁ።

«አንድ የተቀመጠ ሰው ታያለሽ?» አላት ሥዩም።

እንዲህ ሆኖ ነው የላይኛው ሰፈር ልዩ መንደር የተባለው። በሰኔ ተከለለ። ቀያሾች መጥተው በየጓሮው ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ቸከሉ። አንዱን የእኔ የጌሾ ተክል መሐል ቸከሉት። ብርቅነሽ ልትነቅለው ስትነሳ፣ «ተይው፣ የካርታው ነው» አልኳት።

ሰዉ ግን ቂሙን በእኔ ላይ አወረደ። ሥዩምን ምንም አላሉትም፤ ሥዩም ሱቅ አለው፣ ቆርቆሮና ምስማር በዱቤ ይሰጣል። በክረምቱ አንዲት አሮጊት ሞታ ስነፋ በየበሩ ቆመው፣ «የእውነት ነው ወይስ የመሬት?» ይሉኝ ጀመር። አንዱ ደግሞ፣ «ስሟን ጥራና እንመን» አለኝ። ስሟን እየጠራሁ ነበር እኮ። ሁሉንም ቻልኩት። ካርታው ሲመጣ ይተዉታል ብዬ ቻልኩት።

በመስከረም ምዝገባ ተጀመረ። የተሻለ ሸሚዜን ለብሼ መሬት ክፍል ሄድኩ። መቲ ተነስታ፣ «አካም ጂርቱ፣ ደህና ነዎት ኦቦ ገብረአማኑኤል?» ብላ ወንበር ሰጠችኝ። አክብራ ነው የተናገረችኝ፤ እሷን አልወቅስም።

«ነባር ነዋሪ መሆንዎን ማረጋገጫ ይዘዋል?» አለችኝ።

«ምን ማረጋገጫ? እዚያው ነው የተወለድኩት።»

«እሱማ ልክ ነው። ግን ካርታ ለሌለው ሰው ደንቡ፣ የሰፈሩ እድር አባላችን ነው ብሎ ያረጋግጥለት ነው የሚለው። ቀላል ነው፤ የእድሩ ዳኛ ማኅተም ነው የሚያደርግልዎ።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የእድሩ ዳኛ አበልጄ ነው፤ ቃል የገባልኝ ነው። በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። ሰው እያስተናገደ ስለነበር ቆርቆሮ ላይ ተደግፌ ጠበቅኩ። ሰዉ ሲወጣ ነገሩን ነገርኩት።

ሥዩም መነጽሩን አወለቀ። «ይቺ ትንሽ ታስቸግራለች» አለ።

«ምኗ?»

«ወርኃዊ ከፍለህ ታውቃለህ?»

«ጥሩምባ ነፊ ይከፍላል እንዴ? አባቴም አልከፈለም። በአገልግሎታችን ነው የምንኖረው፤ እድሩ ራሱ ነው ያለው።»

«እኮ። አልከፈልክም። አባል የሚባለው የሚከፍለው ነው። አንተ የእድሩ ቅጥር ነህ።»

«ሥዩም፣ ምን ነካህ? ሲሞትብኝ ድንኳኑ አይተከልልኝም? እናቴን ማን ቀበረ?»

«ይተከልልሃል፤ ለቅጥራችን የምናደርገው ነው። አባል ነው ብዬ ብፈርም ግን ነገ ሌላው ይከሰኛል። የሕዝብ ኃላፊነት ነው እኮ፤ በዝምድና ላድርገው?»

«የመጀመሪያው ካርታ ብለኸኝ ነበር።»

«ያልኩት ሕጉን ሳላየው ነው።»

ሰው ገባ፤ «ሁለት ኪሎ ምስማር» አለ። ሥዩም ሚዛኑ ላይ ምስማር ያፈስስ ጀመር። እኔ እዚያ ቆሜ ነው ምስማሩ ሲንቀጫቀጭ የሰማሁት። ወጣሁ።

ለብርቅነሽ ስነግራት አልጮኸችም። «ቅጥር ነህ አለህ?» አለች። «ቅጥር ነህ አለኝ» አልኳት። የሹሮ ድስቱን አወረደችና ሳንበላ አደርን።

በሳምንቱ ኦቦ ኩምሳ መጣ። አይገባም፤ ሁልጊዜም አጥሩ ላይ ተደግፎ ነው የሚያወራው።

«ገብሬ፣ ያ ሰውዬ ተቀበረ?» አለኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«በየካቲት የሞተው። ከበሬዎቼ ያስነሳኸኝ።»

እንደ ሌሎቹ የሚሰድበኝ መሰለኝ። እሱ ግን ሊሰድበኝ አልመጣም። የጤፍ መሬቱ እንዳለ ለማኅበር ተሰጥቷል፤ ምትክ ይሰጥሃል ተብሎ የተመራበት ቦታ ጭልሞ ደን አጠገብ ድንጋይ ላይ ነው። «የአንተን ጓሮስ ማን እንደሚሠራበት ታውቃለህ?» አለኝ።

«ማን?»

«ሩት። የሥዩም ልጅ። አዲስ አበባ ያለችው። ማኅበሩ ውስጥ ገብታለች። ስትመጣ የምታርፍበት ቤት ነው አሉ።»

ጌሾዬ መሐል ያለው ችካል ያኔ ገባኝ።

ኦቦ ኩምሳ ግን መላ ይዞ ነው የመጣው። ስብሰባው በትክክል አልተጠራም የሚል ሰው በአዋጁ መሠረት አቤት ሊል ይችላል፤ ነዋሪው እኛ የወጣነው ለለቅሶ ነው ብሎ ከመሰከረ መከለሉ ይፈርሳል፤ እንደገና በወጉ ተጠርቶ ይጠየቃል። አቤቱታውን አስጽፎ ቅሬታ ለሚሰማው የከተማው ኮሚቴ አስገብቷል። «አንተ ነፋሁ በል። እነሱ ለለቅሶ ወጣን ይበሉ። ዱጋ ነው፤ እውነት ነው። እኔም ያንተ አባት ከአባቴ መግዛቱን ኮሚቴው ፊት እናገራለሁ» አለኝ። መከለሉ ከፈረሰ ቤቴ አይነካም። ሌላ ዕድልም አገኛለሁ።

ቤት ለቤት ዞርኩ፤ በዚህ ጊዜ ጥሩምባ ሳልይዝ። አንድም ሰው እምቢ አላለኝም። እንዲያውም የሚሰድቡኝ ሁሉ ለሰለሱ። ሽታዬ ደጃፏ ላይ ቃሪያ ስታሰጣ አገኘኋትና ነገርኳት።

«ምን ማለትህ ነው ገብሬ፣ ሙሾ ጀምሬ አልነበር እንዴ!» አለችኝ። «በማን እንደማለቅስ እንኳ ሳላውቅ። እናገራለሁ። ባሌን በዚያ ዝናብ የለፈፍክልኝን መች ረሳሁት።» ትንሽ ቃሪያ በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ይዤ ገባሁ። ብርቅነሽ ቃሪያውን እያጠበች፣ «አየህ፣ ሰው ክፉ አይደለም» አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ኮሚቴው የሚቀመጠው ረቡዕ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ሥዩም ድንኳኑን አስተከለና ካርታ ማደል ጀመረ። ገና ቀኑ አልደረሰም ሲባል የነበረውን ካርታ እንዴት እንዳፋጠነው አላውቅም። ከደጄ ሆኜ ሰዉ ሲመለስ አያለሁ። ካርታቸውን በደረታቸው አቅፈው፣ አንዳንዱ በላስቲክ ሸፍኖ፣ በእኔ ደጅ ሲያልፉ ወደ ሌላ በኩል ያያሉ። ሽታዬም አለፈች። «እንዴት ዋላችሁ» አለች ሳትቆም።

ረቡዕ ቀበሌው አዳራሽ ተቀመጥን። ከኮሚቴው መሐል ሰብሳቢው ሸበቶ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መቲ ጥግ ላይ ሆና ትጽፋለች። መጀመሪያ እኔን አስነሱኝ።

ተናገርኩ። በዚያ ሐሙስ ማንም ሳይሞት ጥሩምባ መንፋቴን፣ ሰዉ ለቀብር መውጣቱን፣ የተነሳውም ለጸሎት እንጂ ለመንደር አለመሆኑን ተናገርኩ። 

«ንፋ ያለዎት ማነው?» አለ ሰብሳቢው።

«አቶ ሥዩም ነው።»

ሥዩም ተፈቅዶለት ተነሳ። «እኔ ያልኩት ስብሰባ መኖሩን ለሰው ንገር ነው። በምን እንደሚናገር እሱ ያውቃል፤ ሥራው ነው» አለና ተቀመጠ። ወደ እኔ አላየም።

ኦቦ ኩምሳም ተናገረ፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። የአባቴንም ቃል አነሳልኝ። ከዚያ ሌሎቹ ይጠየቁ ተባለ።

የመጀመሪያው ሰው ተነሳ። «ለስብሰባ ነው የወጣሁት» አለ። ሁለተኛው ተነሳ። «ስብሰባ እንዳለ ቀድሜ ሰምቻለሁ» አለ። ሌላው፣ «እኔ ጥሩምባም አልሰማሁም፤ ሰው ሲሄድ አይቼ ነው» አለ። ተራ በተራ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። በየቤታቸው ያስቀመጡኝ፣ ቃል የገቡልኝ ሰዎች ናቸው። አንዱ እንኳ ፊቴን አላየኝም። እኔ ግን ሁሉንም አየኋቸው።

ሽታዬ ተነሳች።

«እርስዎስ?»

«ለስብሰባው ነው።»

ሰብሳቢው አቤቱታውን ገለጥ አደረገ። «ነጠላዎን ለለቅሶ አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ መጡ ይላል።»

ሽታዬ ነጠላዋን ሰበሰበች። አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየች፤ ወዲያው ዐይኗን ወደ እጇ መለሰች። «ብርድ ነበር» አለች። «ለብርዱ ነው የለበስኩት።»

«ማልቀስዎስ?»

«ዐይኔን ያመኛል።»

ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው አፉን ይዞ ሳቀ። መቲ መጻፏን አቆመች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጻፈች። ኮሚቴው ብዙ አልተመካከረም። ነዋሪው ለስብሰባ መውጣቱን አረጋግጧል፣ አቤቱታው ተቀባይነት የለውም ተባለ። የእኔ ቤት ነባር ነዋሪነቱ ስላልተረጋገጠ ግንባታ ሳይጀመር እንዲነሳ ተወሰነ። ሰብሳቢው ሲጨርስ ሁላችንም እንድንነሳ ጠየቀ፤ ሰዉ ተነሳ፤ ተበተነ።

ኦቦ ኩምሳ ትከሻዬን ያዝ አድርጎኝ ሄደ። እኔ ደጅ፣ ግንቡ ጥግ ቆሜ ቀረሁ። ለብርቅነሽ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ነው። ሰዉ በአጠገቤ ሲያልፍ እርምጃውን ያፋጥናል። ሽታዬ በኋላ በር ነው የወጣችው።

ሥዩም መጨረሻ ወጣ። አየኝና መጣ። በቁጣ አይደለም፤ እንደ ድሮው ነው የመጣው፤ ክንዴን ያዘኝ።

«አበልጄ፣ አትቀየመኝ» አለ። «ሕግ ነው። በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ...» አፉን በመሐረብ ጠረገ። «እኔ ግን አስቤልሃለሁ። በጥቅምት ግንባታ ይጀመራል። ሲሚንቶ ይመጣል፣ ብረት ይመጣል፤ የእኛን ሰፈር ሰው ታውቀዋለህ፣ አንዱም ሳይሰረቅ ያድራል ብለህ አታምንም። ጥበቃ ያስፈልጋል። የታመነ ሰው። ለማኅበሩ ነግሬያቸዋለሁ። የጥበቃዋን ቤት እዚያው፣ ጌሾው የነበረበት ጥግ ላይ እናቆማታለን፤ አንተና ብርቅነሽ ትገቡባታላችሁ። ከሰፈራችሁም አትርቁም። ሩትም ስትመጣ ሰው ታገኛለች። ምን ትላለህ?»

ክንዴን አልለቀቀም። ከኋላው ሁለት የኮሚቴ ሰዎች መኪና ውስጥ ሆነው ይጠብቁታል።

«ገብረአማኑኤል፣ እየጠየቅኩህ እኮ ነው። ምን ትላለህ?»

ክንዴን ከእጁ አወጣሁ። ይኼንንም ከሌሎቹ ስድቦች ጋር ቆጠርኩት። መንገዱን ተሻግሬ ወደ ላይኛው ሰፈር በሚወስደው ዳገት ሄድኩ።